ሰባተኛው ልብስ

ልጆቼ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አስፈራርቼ ምን አተርፋለሁ? የሆነውን ነው የምነግራችሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሆነውን።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋ፣ ነፋስም አልነፈሰ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነው። ሁልጊዜ ስምንት ተኩል... ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሰው ጋደም የሚልበት ሰዓት። መስኮቱ ክፍት ነው። ከታች ከመንገዱ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል። ፀሐይዋ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን ክፉ ነገር ይመጣል ትላላችሁ?

እኔም እንደናንተ ነበር የምለው።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። ወገቤ እምቢ ሲል ቀሚስና ሱሪውን ተውኩና የጨርቅ ሥዕል ያዝኩ። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለጠፍኩ የሰው ፊት እሠራለሁ።

ፎቶውን በትልቁ አሳትማለሁ። በላዩ ስስ ጨርቅ አንጥፌ መስመሩን በእርሳስ እከተላለሁ። ከዚያ ቁርጥራጩን ከነጭ እስከ ጥቁር በየቆርቆሮው እለያለሁ። ቀለሙ ግድ የለኝም፤ አረንጓዴም ይሁን ሐምራዊ፣ ቁም ነገሩ ብርሃንና ጥላው ነው። የነጣው ግንባር ይሆናል፣ የጠቆረው የጉንጭ ጎን ይሆናል።

ማጣበቂያ የምቀባው መሀሉን ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ። ጠርዙ ሳይጣበቅ ይቀራል፤ ሌላ ቁራጭ ከሥሩ ማስገባት አለ፣ ሐሳብ መቀየር አለ። ሁሉም ልክ ሲመጣልኝ ከሥሩ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር ገበር አደርግና ሦስቱን አንድ ላይ በስፌት መኪና እሰፋዋለሁ። ያኔ አለቀ። ያኔ ማንም አይነቅለውም።

ታናሽ እህቴ "ድሪቶ ሠሪዋ" ትለኛለች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን፣ ልጆቻችንን ድረን፣ አንድ ቤት ገባን። "እግዜር ያተረፈን እንድንነታረክ ነው" ትላለች።

ይሄ ሥራ አንድ ሕግ አለው።

የሰው ልብስ ላይ መቀስ ከማሳረፍሽ በፊት ልብሱን ያመጣውን ሰው ቁጭ አድርገሽ አንድ በአንድ ታሳዪዋለሽ። "ይሄ የማን ነው? ይሄስ?" ብለሽ። እሱ "የእገሌ ነው" ሲል ብቻ ትቆርጫለሽ። ሥራውን ያስተማረችኝ ሴትዮ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "መቀስ ይቅርታ አያውቅም" ትለኝ ነበር።

እኔ ይህን ሕግ በዕድሜዬ አንድ ቀን ጣስኩ። አንድ ቀን ብቻ።

ታላቅ ወንድማችን ዓይኑን ታሞ ነበር። ቀስ በቀስ እየጨለመበት መጣ። ሐኪሙ እንቅጩን ነገረው። "ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን። ሊበራልዎ ይችላል። ጭራሹን ሊጠፋም ይችላል።"

የተቀጠረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚውለው ሰኞ ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። አንድ ቀን አንድ ከረጢት ልብስና መዳፍ የምታህል ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ ነው የነገረኝ፤ ታክሲው ከታች እየጠበቀው ነበር።

"ፊቷን ሥሪልኝ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት እኮ ለአፍንጫዋም አይበቃኝ።"

"ለሷ ይበቃሻል። ሰኞ ሳይደርስ አንዴ በዓይኔ ልያት። ከዚያ ብርሃኔ ከሄደም ይሂድ... በእጄ አያታለሁ። ስፌቱን እየዳሰስኩ።"

ልጆቼ፣ ምን ብዬ እምቢ ልበለው?

እሱ ደረጃውን በዳበሳ ወረደ። እኔ ከረጢቱን ይዤ ገባሁ። ልብሱን አላሳየሁትም። አንድ በአንድ አልጠየቅሁትም። "የአንዲት ሴት ቁም ሣጥን ነው፤ ምን የሚጠየቅ አለው?" አልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ከረጢቱን ገለበጥኩት። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቡናማ ሹራብ፣ ሁለት ጉርድ፣ አንድ ሻርፕ። ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ግራጫ ቀሚስ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት።

ሌሎቹ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ይሄኛው ምንም አይሸትም። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳብኩ... ምንም።

ቁልፉም እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ሰው ልብስ አውልቆ ሲያጥፍ እስከ አንገቱ ይቆልፋል እንዴ?

"ለጥላ የተፈጠረ ጨርቅ!" አልኩና መቀሴን አነሳሁ። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ከታተፍኩት። ቆረጥኩ፣ ለየሁ፣ በየቆርቆሮው ከተትኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት እሰይ የሚያሰኝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከዓይን ነው የምጀምረው። ዓይኗ ወጣ። እህቴ ሻይ ይዛ ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እትዬ... እያየችኝ እኮ ነው።"

"ታዲያ ሰላም በያት!"

ሳቅን። ያኔ ያስቀን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ምሳዬን በልቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ተመለስኩ። ስምንት ተኩል።

ግራ ጉንጯ ላይ አንድ ነጠብጣብ ጨርቅ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው።

እኔ አላስቀመጥኩትም። እዚያ ቦታ ከሻርፑ የቆረጥኩት ነጣ ያለ ጨርቅ ነበር። "እርጅና ነው፣ ረስቼው ነው" ብዬ በጥፍሬ ልነቅለው ሞከርኩ።

አልነቀል አለኝ።

ጥግ ጥጉ ሁሉ ተጣብቋል። እስከ ጠርዙ፣ ድፍን ብሎ። እኔ እንደዚያ አልሠራም ልጆቼ! አርባ ዓመት መርፌ የያዘች ሴት እጇን አታጣውም። ያ የኔ እጅ አልነበረም።

በስለት ፋቅ ፋቅ አድርጌ አነሳሁትና እህቴ ላይ ጮኽኩ።

"ሥራዬን ነክተሻል?"

"እኔ ድሪቶሽን ምን ላድርገው?"

"ታዲያ ማን ነው? ድመት?"

"ድመት የለንም እኮ እትዬ።"

በማግስቱ ሦስት ሆኑ።

በዚያ በግራ ጉንጭ በኩል። አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው። እስከ ጠርዛቸው ተጣብቀው።

ነቀልኳቸው። ነጣ ያለውን መልሼ ለጠፍኩ። ከሰዓቱ በሙሉ እዚያው ላይ አለቀ። በማግስቱ ስምንት ተኩል ሌላ አራት። እንደገና ነቀልኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ! ሦስት ሳምንት ብቻ ያላት ሴት የሠራችውን ስታፈርስ ትውላለች? አንጀቴ አረረ። ምሳ እንኳ መብላት አስጠላኝ፤ ምክንያቱም ልክ ምሳ ስበላ ነው የሚሆነው።

ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ራቅ ብሎ ለማየት አትመችም። ስለዚህ ሥራውን በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ። ቅርብ ሆናችሁ የማታዩት ስህተት በትንሿ ፎቶ ላይ ቁልጭ ይላል።

ያን ቀን አነሳሁና አየሁ።

ክው አልኩ።

ፎቶግራፉ ላይ ሴትየዋ ፊት ለፊት ነው የምታየው። የኔ ሥዕል ግን... ትንሽ ዞር ብላለች። ትንሽ። ሰው ስሙን ከኋላ ሲጠሩት እንደሚያደርገው።

እህቴን ጠራኋት። መነጽሯን አደረገች።

"ጥላው ነው" አለች። "ግራ ጉንጯን ስታጠቁሪው ጊዜ የዞረች ትመስላለች።"

"እኔ አላጠቆርኩትም አልኩሽ!"

"አትጩኺብኝ! መስመሩን አምጪው።"

በእርሳስ የተከተልኩትን ስስ ጨርቅ አመጣሁ። ሥዕሉ ላይ አነጠፍነው። አፍንጫው ልክ ነው። ከንፈሩ ልክ ነው። ሁለቱ ዓይኖች መስመራቸው ላይ ናቸው። አንዲት ፀጉር አልተዛነፈችም።

እህቴ ስሱን ጨርቅ ቀስ ብላ አነሳችው።

ሴትየዋ አሁንም ዞር እንዳለች ናት።

"እትዬ..." አለች እህቴ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ለምንድን ነው የምናንሾካሽከው?"

እኔም አላወቅሁም። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። አጠገባችን የተኛ ሰው እንዳለ።

እንዲህ ስነቅል ስለጥፍ ሦስተኛው ሳምንት ገባ። ሐሙስ እለት ምሳ አልበላሁም። "ዛሬ ወይ እሷ ወይ እኔ" ብዬ ወንበር ስቤ ሥዕሉ ፊት ተቀመጥኩ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ስምንት ሰዓት... ስምንት ከሩብ... ዓይኔን አልነቀልኩም። እንባዬ እስኪወርድ ድረስ አፈጠጥኩ።

ምንም የለም።

በስድብና በጸሎት መሀል አፌ ይነበነባል። "አንቺ ጨርቅ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ያ ምስኪን እኮ ዓይኑ ሊጠፋ ነው! ሦስት ቀን ነው የቀረኝ እኮ!"

ከዚያ ሥራ ልያዝ ብዬ መርፌ አነሳሁ። በመርፌው ዓይን ክር ለማስገባት አንገቴን ደፋሁ።

ስንት ይፈጃል? አራት ትንፋሽ? አምስት?

ክሩ ገባ። ቀና አልኩ።

ግራ ጉንጯ የለም።

ከጆሮዋ እስከ አፍንጫዋ ሥር ነጠብጣብ ሆኗል። ግራ ዓይኗ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያን ያህል የተጨነቅሁበት ዓይን፣ ከጥላው ውስጥ ግማሹ ብቻ ይታያል። ጨርቆቹን በጣቴ ነካሁ። ማጣበቂያው ደርቋል። አራት ትንፋሽ ባልሞላ ጊዜ ለጥፎ የሚደርቅ ማጣበቂያ አለ?

ጮኽኩ ልጆቼ። መጀመሪያ ፈርቼ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ንዴት ነው። እንደ ሕፃን መሬት በእግሬ መታሁ። እህቴ በሩን ስትደበድብ እኔ የነጠብጣቡን ቆርቆሮ ይዤ ወጣሁ።

"ይሄ ከቤቴ ይውጣ! አሁኑኑ!"

እህቴ በላስቲክ ቋጥራ ወሰደችው። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ነበር። ቆማ አየች፤ ብረቱ ሲጨፈልቀው ዓይኗ እያየ።

"ሄደ" አለችኝ ስትመለስ። "ፈጨው።"

ዓርብ፣ ስምንት ተኩል...

ነጠብጣቡ አንገቷ ድረስ ወርዷል።

ቆርቆሮው በቤት የለም። ቁርጥራጩ በቤት የለም። ታዲያ ጨርቁ ከየት መጣ?

እህቴን አየኋት። አየችኝ። ነርስ ናት እሷ፤ ስንት ሰው በእጇ ላይ ሲሞት አይታ አልደነገጠችም። ያን ቀን ግን ከሥዕሉ ራቅ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"ተዪው" አለችኝ። "ለጋሼ አልቻልኩም በዪው።"

"ምን ብዬ? ሚስትህ ፊቷን አዞረችብኝ ልበለው?"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።

"አልተወውም" አልኩ። "የምትንቀሳቀሰው እስክትሰፋ ነው። ከሰፋሁዋት ወዴት ትሄዳለች?"

ቅዳሜን እንዴት እንዳለፍናት እናንተ ባትጠይቁ ደግ ነው። በጠዋት ተነስቼ ነጠብጣቡን አንድ ሳላስቀር ፋቅሁ። ጉንጯን እንደ አዲስ ሠራሁ። ለጥላው ከራሴ አሮጌ ጉርድ ጥቁር ሰማያዊ ቆረጥኩ። እህቴ ሥዕሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እኔ ሳጎነብስ እሷ ታያለች፤ እሷ ዓይኗን ስትጨፍን እኔ አያለሁ።

"ተረኛዋ ነርስ እኔ ነኝ" ትላለች። "በሽተኛዋ እስካሁን ደህና ናት።"

ቀልዷ አላሳቀኝም። ግን ያለሱ የምዘልቀው አልነበረም።

ስምንት ተኩል ሲሆን ሁለታችንም አፍጥጠን አየናት። ዓይናችን ተቃጠለ። አንዳችንም አልጨፈንንም።

አልተነካችም።

ጥጡን አነጠፍኩ፤ ገበሩን ከሥር አደረግሁ። ሦስቱን በረጅም ክር ያዝ ያዝ አደረግሁና ወደ ስፌት መኪናው አስገባሁ። ግንባሯ ተሰፋ። ቀኝ ጉንጯ ተሰፋ። አፍንጫዋን በጥንቃቄ፣ ወንድሜ በጣቱ እንዲያገኘው ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ሰፋሁት።

ግራ ጉንጯ ላይ ስደርስ ቀጭ!

መርፌው ተሰበረ።

ሌላ አደረግሁ። ቀጭ! እዚያው ቦታ።

"ደግሞ ምን አለብሽ?" አልኳት በቁጣ። ገበሩን ገልጬ አየሁ፤ ምንም ጠጣር ነገር የለም። ጥጥ ነው። ሦስተኛው መርፌ ጫፉ ተሰብሮ ግንባሬን መታኝ። አራተኛውን፣ ለጂንስ የማስቀምጠውን ወፍራሙን፣ አደረግሁና ፔዳሉን እስከ ታች ረገጥኩት።

አለፈ። ግን ሲያልፍ የሰማሁት የጨርቅ ድምፅ አልነበረም። ጥርስ በጥርስ ላይ ሲሄድ እንደሚሰማው ነበር።

እሑድ ጠዋት ዙሪያውን በእጄ ዘመዘምኩት። የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥሬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ፎቶ አነሳሁ። ፊት ለፊት ነው የምታየው። የወንድሜ ሚስት ናት። ያቺው ደጓ፣ አገጯ ትንሽ ገባ ያለው።

ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን። ድካሙ ነው።

ወንድሜ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ሰጠነው። ሥዕሉን ብርሃን ላይ ዘረጋንለት። ፊቱን ከጨርቁ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አስጠጋ። ከግራ ወደ ቀኝ... ከላይ ወደ ታች... ደጋግሞ አያት።



"እሷ ናት" አለ በመጨረሻ። "እጅሽ ይባረክ። እሷው ናት።"

ከዚያ ጣቱን አሳርፎ መዳሰስ ጀመረ። ቅንድብ። አፍንጫ። ከንፈር። ሲዳስስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እየተለማመደ።

እኔ ምላሴ በላኝ። መጠየቅ የነበረብኝ ከመቁረጤ በፊት ነው፤ የዘገየ ጥያቄ ምን ዋጋ አለው? ጠየቅሁት ግን።

"ጋሼ፣ ያ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ቀሚስ... መቼ ነበር የምትለብሰው?"

"የምን ነጠብጣብ?"

"ከረጢቱ ውስጥ የነበረው።"

ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ያለ ልብስ አልነበራትም። ስድስት ልብስ ነው የሰጠሁሽ። እኔ ነኝ ያጠብኳቸው፣ እኔ ነኝ ያጠፍኳቸው፣ ከረጢቱንም እኔው ነኝ የቋጠርኩት።"

እህቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።



ሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። አልሆነም። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ የታሰበው ግን አልሆነም። ወንድሜን ወደኛ ቤት አመጣነው። ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታስሯል። ፊቱ ግን እንደፈራሁት አልነበረም።

"ሥዕሏን አልጋዬ አጠገብ ስቀሉልኝ" አለ። "እጄ የሚደርስበት።"

ሰቀልንለት። ከግድግዳው ጋር ልጥፍ አድርገን፣ ከላይ በሁለት ሚስማር።

ያን ሳምንት ቤታችን ሰላም ነበር። ወንድሜ ምሳውን ይበላል፣ ጋደም ይላል፣ እጁን ይዘረጋል። ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር። ያወራታል። ምን እንደበላ፣ ምን በራዲዮ እንደሰማ። እኔ ከማድ ቤት ሆኜ እየሰማሁ "ይሁን፣ ልፋቴ ከንቱ አልቀረም" እላለሁ። ንዴቴም በረደ።

ዓርብ ነው። የታጠበ ልብስ ይዤ ክፍሉ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማጠፍ ጀመርኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ናት።

ወንድሜ እጁን ግድግዳው ላይ ያንቀሳቅሳል። ይዳስሳል... ይፈልጋል... እንደገና ይዳስሳል።

ፈገግ አለ።

"ዛሬ ኩርፊያ ነው" አለ።

"የምን ኩርፊያ?"

"ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ስትቆጣኝ እንዲህ ነበር የምትተኛው።"

ቀና ብዬ አየሁ።

ስፌቴ እንዳለ ነው ልጆቼ። አንድ ክር አልተበጠሰም። አፍንጫዋን ሁለት ጊዜ የሰፋሁበት መስመር እዚያው ቦታው ላይ ነው። ግን አፍንጫ የለም። የሚታየው ፀጉር ነው። ማጅራት ነው። ከትከሻው ጀምሮ እስከ አንገቱ የተዘጋ ነጠብጣብ ቀሚስ ነው።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋለች።

"ጋሼ..." አልኩ። "እጅህን መልስ።"

"ቆይ፣ ላባብላት። ታውቂያታለሽ እኮ፣ ቶሎ ነው የሚበርድላት።"

የሥዕሉን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ እጁን ከኋላ ሰደደ። በጨርቁና በግድግዳው መሀል ጣት የምታስገባ ክፍተት እንኳ የለም፤ እኔው ነኝ የቸነከርኩት።

እጁ ግን ገባ። እስከ አንጓው... እስከ ክርኑ።

"ይኸው" አለ። "ይኸው ጉንጯ። ይኸው..."



ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

እህቴ መድኃኒቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከብርጭቆው ውሃ በእግሯ ላይ ይፈስሳል፤ አልተሰማትም።

"እህቴ..." አለኝ ወንድሜ። በሹክሹክታ ነው።

"አቤት ጋሼ።"

"የሷ ጥርስ... ትንንሽ ነበር።"

እጁን ቀስ ብሎ አወጣው። በጣም ቀስ ብሎ፣ የተኛ ውሻ አጠገብ ያለ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

አራቱም ጣቶቹ እስከ መሀላቸው ርሰው ነበር። አንዲት ጠብታ መዳፌ ላይ ወደቀች።

ለብ ያለች ነበረች።